የዲስትሮፊን ጂን ምርመራ፦ ናሙናው እንዳይበላሽ፣ ውጤቱም በስህተት እንዳይነበብ

ይህ መመሪያ በጎጃም ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ለሚሠሩ ጤና መኮንኖች፣ ነርሶች፣ የላቦራቶሪ ባለሙያዎችና ሐኪሞች የተጻፈ ነው። ውጤቱን ይዘው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ወላጆችም ደረጃ 5ንና 6ን ራሳቸው ሊከተሉት ይችላሉ። የዱሼን የጡንቻ መስነፍ (በዲስትሮፊን ጂን ለውጥ የሚመጣ፣ በአብዛኛው ወንዶችን የሚያጠቃ ሕመም) ምርመራ የሚከሽፈው አብዛኛውን ጊዜ በሦስት ቦታ ነው፦ ልጁ የጉበት ሕመምተኛ ተብሎ ሲመላለስ፣ ደሙ በማይሆን ቱቦ ሲላክ፣ የመጣው ወረቀት ደግሞ «ብዙ ስለጎደለ ከባድ ነው» ተብሎ ሲነበብ። ሦስተኛው ስህተት የቤተሰቡን ቀሪ ዘመን የሚነካ ስለሆነ እሱ ላይ ረዘም ብለን እንቆያለን።

ከመጀመራችሁ በፊት ስለ ጂኑ ይህን ያዙ

የዲስትሮፊን ጂን የሚገኘው በኤክስ ክሮሞሶም አጭር ክንድ ላይ ነው። 2.2 ሚሊዮን ገደማ የዲኤንኤ ፊደላትን ይሸፍናል፤ ፕሮቲኑን የሚጽፉት ግን በመካከሉ ተበታትነው የሚገኙት፣ ኤክሶን የሚባሉት 79 ቁርጥራጮች ናቸው። የሚሠራው ፕሮቲን 3,685 አሚኖ አሲዶች አሉት። በአንድ ጫፉ የሕዋስ አጽም የሆነውን አክቲን ይይዛል። በሌላው ጫፉ በኩል ቤታ ዲስትሮግላይካን የሚባለውን ፕሮቲን ይዞ ከጡንቻ ሕዋስ ሽፋን ጋር ይተሳሰራል። መሃሉ 24 ተመሳሳይ ክፍሎች የተቀጣጠሉበት ረጅም ዘንግ ነው።

ጡንቻ በተኮማተረ ቁጥር ሽፋኑ እንዳይቀደድ የሚከላከለው ይህ ትስስር ነው። ስለዚህ ሁለቱ ጫፎች የግድ ያስፈልጋሉ፤ የመሃሉ ዘንግ ግን ቢያጥር እንኳ ፕሮቲኑ በከፊል ሊሠራ ይችላል። ደረጃ 5 ላይ ያለው ስሌት ሁሉ የሚቆመው በዚህ ላይ ነው።

ደረጃ 1፦ የትኛው ልጅ ይመርመር?

1. ወንድ ልጅ 18 ወር አልፎት ካልሄደ፣ ወይም ከ2 እስከ 5 ዓመቱ ቶሎ ቶሎ የሚወድቅ፣ መሮጥና ደረጃ መውጣት የሚያቅተው ከሆነ ጠርጥሩ።
2. ባቱን በሁለት እጃችሁ ዳስሱ። ወፍሮና ጠጥሮ ከተገኘ፣ ወላጆች «እግሩ ጠንካራ ነው» ቢሉም እንኳ፣ ምልክቱ ወደ በሽታው ያመለክታል።
3. ልጁን ሰሌን ላይ በጀርባው አስተኙትና «ተነሣ» በሉት። ማንም አይያዘው፤ ግድግዳና ወንበርም ከአጠገቡ ይራቁ። በሆዱ ከተገለበጠ፣ በእጁ ወለሉን ከተደገፈ፣ ከዚያም እጁን ከጉልበቱ ወደ ጭኑ እያስወጣ ራሱን በራሱ ከገፋ ምልክቱ አለ ማለት ነው።
4. በእግሩ ጣቶች ጫፍ ይሄድ እንደሆነ፣ ወገቡም ወደ ውስጥ ገብቶ ሆዱ ወደ ፊት ወጥቶ እንደሆነ እዩ።

ደረጃው ሲሳሳት፦ ልጁ አፍሮ ወይም ፈርቶ አልነሣም ካለ አታስገድዱት። እናቱ ጥቂት እርምጃ ርቃ ትጥራው፤ ያኔ እንዴት እንደተነሣ በደንብ ታያላችሁ። አንድ ጊዜ ብቻ አስነሥታችሁ አትፍረዱ፤ ገና ያልደከመ ልጅ የመጀመሪያውን ሊያልፍ ይችላል።

ልጁ «ልምሾ ነው» ወይም «ሰው ዓይን አግኝቶት ነው» ተብሎ ከመጣ ቤተሰቡን አትገሥጹ። ጠበል የሚወስዱትም ካሉ አትከልክሏቸው፤ ምርመራው ግን ቀጠሮው ሳይተላለፍ ይሠራ።

ደረጃ 2፦ ሲኬ መጀመሪያ፣ ጂን በኋላ

ክሪያቲን ካይኔዝ፣ በአጭሩ ሲኬ፣ ከተቀደደ የጡንቻ ሕዋስ ወደ ደም የሚፈስ ኢንዛይም ነው። በዱሼን ልጅ ላይ ገና ሕመሙ ሳይታይ ከፍ ይላል፤ ከጤነኛው የላይኛ ወሰን 10 እጥፍና ከዚያ በላይ፣ ብዙ ጊዜም በሺዎችና ከ10,000 በላይ ሆኖ ይገኛል።

1. ደም ከመውሰዳችሁ በፊት ልጁ በቅርብ ቀን በጡንቻ መርፌ ተወግቶ፣ የሚጥል በሽታ ተነሥቶበት ወይም ወድቆ ተጎድቶ እንደሆነ ጠይቁ። እንዲህ ያለ ነገር ካለ መዝግቡ፤ ውጤቱ በመጠኑ ብቻ ከፍ ካለ ከ2 እስከ 3 ሳምንት ቆይታችሁ ድገሙ።
2. ደሙ በደንብ ይረጋ፤ ሴረሙም (ከረጋው ደም የሚለየው ፈሳሽ) ሳይዘገይ ይለይ። ቀላ ያለ ሴረም ቀይ የደም ሕዋስ ስለፈነዳበት ውጤቱን ያዛባል፤ አዲስ ናሙና ውሰዱ።
3. ማሽኑ ከመለኪያው ወሰን በላይ መሆኑን ካመለከተ ያንን ቁጥር እንደ ውጤት አትጻፉ። 1 እጅ ሴረም ከ9 እጅ ሳላይን ጋር ቀላቅሉ፣ ድገሙ፣ ያገኛችሁትንም በ10 አባዙት።

ማስጠንቀቂያ፦ ጉበት አይደለም። ኤኤስቲና ኤኤልቲ የሚባሉት ኢንዛይሞች ከጡንቻም ይወጣሉ። በእነርሱ ከፍ ማለት ብቻ ልጁ ለወራት የጉበት መድኃኒት ሊሰጠው፣ ቅባትና ሥጋ ሊከለከል ይችላል። ሁለቱ ከፍ ብለው ሌሎቹ የጉበት መለኪያዎች፣ ቢሊሩቢንና ጂጂቲ፣ ጤነኛ ከሆኑ ወዲያውኑ ሲኬ እዘዙ። ይህ አንድ ትእዛዝ ብዙ ቤተሰብን ከከንቱ ድካም ያድናል።

መራመድ በሚችል ትንሽ ልጅ ላይ ሲኬው ፍጹም ጤነኛ ከሆነ ዱሼን አይደለም፤ ሌላ ምክንያት ፈልጉ። መራመድ ያቆመ ትልቅ ልጅ ላይ ግን ጡንቻው ስለሳሳ ቁጥሩ እየወረደ ይመጣል፤ ከጠበቃችሁት ማነሱ አያሳስታችሁ።

ደረጃ 3፦ የዘር ሐረጉን በእናት በኩል ሣሉ

ጎጃም ውስጥ ሰው ለጋብቻ ሲባል ትውልዱን እስከ ሰባት ቤት መቁጠር ይችላል፤ ይህን እውቀት ተጠቀሙበት። ጂኑ ያለው በኤክስ ክሮሞሶም ላይ ስለሆነ አባት ኤክሱን ለወንድ ልጁ አያወርስም፤ ስለዚህ ፍለጋው የሚጀምረው ከእናት ነው።

1. ወንድን በአራት ማዕዘን፣ ሴትን በክብ ሣሉ። የታመመውን አጥቁሩት።
2. እናትዬዋን ለብቻዋ አነጋግሩ፤ አማቶቿ ፊት አትጠይቋት። «የእርስዎ ወንድም፣ የእናትዎ ወንድም፣ ወይም የእኅትዎ ወንድ ልጅ በልጅነቱ እግሩ አልታዘዝ ብሎት የቀረ አለ?» በሏት።
3. አጎትና አክስት ሲባል ሁልጊዜ «የእናት» ወይም «የአባት» ብላችሁ ጨምራችሁ ጻፉ። ይህ ካልተለየ ሐረጉ ከጥቅም ውጭ ነው።
4. በልጅነታቸው የሞቱትንም ጨምሩ። በ20 ዓመት አካባቢ በልብ ወይም በትንፋሽ ችግር የሞተ ወንድ ካለ ዕድሜውን ከነምክንያቱ መዝግቡ።

በእናት በኩል ማንም ታማሚ ባይገኝም ምርመራውን አታቁሙ። ከሦስቱ ልጆች በአንዱ ገደማ ለውጡ አዲስ ነው፤ እናት ላይ አልነበረም።

ደረጃ 4፦ ናሙና መውሰድና መላክ

የሚያስፈልገው፦ ኢዲቲኤ (ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ኬሚካል) ያለበት ሐምራዊ ክዳን ቱቦ፣ የማይደበዝዝ ብዕር፣ የማያፈስ ከረጢት፣ ጠንካራ ሳጥን፣ የተሞላ ቅጽ።

1. ከልጁ ከ2 እስከ 3 ሚሊ ሊትር፣ ከእናት ከ3 እስከ 5 ሚሊ ሊትር ደም ውሰዱ። ሁለቱንም በአንድ ቀን ብትወስዱ ቤተሰቡ ዳግም መንገድ አይመታም።
2. ቱቦውን ሳትንጡ ከ8 እስከ 10 ጊዜ ቀስ ብላችሁ ገልብጡ። ከረጋ ዲኤንኤ ማውጣት ይከብዳል።
3. ስም እዚያው ታካሚው ፊት ጻፉ፦ የራስ፣ የአባት፣ የአያት ስም ከካርድ ቁጥር ጋር። ልጁ በቤት የሚጠራበትን ወይም የክርስትና ስሙን ሳይሆን ካርዱ ላይ ያለውን ተጠቀሙ። በላቲን ፊደል የምትጽፉትም በቱቦውና በቅጹ ላይ አንድ ዓይነት ይሁን።
4. ቅጹ በፈረንጅ አቆጣጠር ከሆነ የልደት ቀኑን ቀይሩት። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ በዓመቱ ላይ 7፣ ከዚያ በኋላ እስከ ጳጉሜን 8 ይጨመራል። ለምሳሌ ሚያዝያ 12 ቀን 2010 ዓ.ም. ኤፕሪል 20 ቀን 2018 ይሆናል። ዓመቱ ሳይቀየር ከተላከ የ4 ዓመት ልጅ ለላቦራቶሪው የ11 ወይም የ12 ዓመት ሆኖ ይታየዋል፤ የሲኬ ትርጉሙም ይዛባል።
5. የሲኬ ውጤቱን፣ የዘር ሐረጉንና የምትጠይቁትን ጥያቄ ቅጹ ላይ ጻፉ። ልጁ በቅርቡ ደም ተሰጥቶት ከነበረ ያንንም ጥቀሱ።

አረንጓዴ ክዳን አትጠቀሙ። በውስጡ ያለው ሄፓሪን ፒሲአርን፣ ዲኤንኤውን የሚያባዛውን የላቦራቶሪ ዘዴ፣ ያግዳል። ናሙናው ፍጹም ጤነኛ መስሎ ይደርስና አይሠራም።

ኢዲቲኤ ደም ለአንድና ሁለት ቀን በክፍል ሙቀት፣ ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በሆነ ፍሪጅ ደግሞ ለአንድ ሳምንት ያህል ይቆያል። በረዶ ክፍል ውስጥ አታስገቡት፤ ቱቦውንም ከበረዶ ጋር በቀጥታ አታገናኙት። ከሞጣ፣ ከብቸና ወይም ከፍኖተ ሰላም የሚነሣ ናሙና ሰኞ፣ ማክሰኞ ወይም ረቡዕ ይወሰድ። ዓርብ የተወሰደ ደም ቅዳሜና እሑድን አንድ ጥግ ተቀምጦ ያሳልፋል፤ የጥምቀትና የፋሲካ ሰሞን ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው። ወደ አዲስ አበባ የሚሄደው ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ስለሚወርድ ሳጥኑ ሞተሩ አጠገብ ወይም ፀሐይ በሚመታው መስኮት ሥር እንዳይቀመጥ ለሹፌሩ ንገሩት። ከደብረ ማርቆስ አዲስ አበባ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ መንገዱ ቢዘጋጋና ቢያድርም ደሙ ይተርፋል፣ ሙቀት ካላገኘው።

ደረጃ 5፦ ወረቀቱን ማንበብ

መጀመሪያ ምርመራው ምን ዓይነት እንደነበረ ፈልጉ፤ ውጤቱን ከዚያ በፊት አታንብቡ።

* መልቲፕሌክስ ፒሲአር ከሆነ የተመረጡ ኤክሶኖችን ብቻ አይቷል። ጉድለት እንዳለ ያሳያል፤ ከየት እስከ የት እንደሆነ ግን ሁልጊዜ አይናገርም።
* ኤምኤልፒኤ ከሆነ 79ኙንም ቆጥሯል። በወንድ ልጅ 0 ማለት ኤክሶኑ የለም፣ 1 ማለት አለ፣ 2 ማለት ተደግሟል። በሴት ላይ ሙሉው 1፣ ግማሽ ጉድለቱ 0.5፣ ድግግሞሹ 1.5 ሆኖ ይነበባል።
* ሴኩዌንሲንግ ከሆነ ነጠላ ፊደላትን አንብቧል።

ከዚያ «ዴል» (del፣ ጉድለት ማለት ነው) የሚለውን ጽሑፍ ፈልጉና ከየትኛው ኤክሶን እስከ የትኛው እንደጎደለ ጻፉ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር። የሕዋሱ ማሽን የጂኑን መልእክት ሦስት ሦስት ፊደል እያደረገ ነው የሚያነበው። ይህን ዓረፍተ ነገር ተመልከቱ፦

ገበሬ በሬን ጠምዶ ማሳን አረሰ

ሦስት ፊደል፣ «በሬን»ን፣ ብናወጣ «ገበሬ ጠምዶ ማሳን አረሰ» ይሆናል፤ አጥሯል፣ ግን ይነበባል። አንድ ፊደል ብቻ፣ «ሬ»ን ከሁለተኛው ቃል፣ ብናወጣ ደግሞ «ገበሬ በንጠ ምዶማ ሳንአ ረሰ» ይሆናል። የጎደለው ትንሽ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ግን ፈርሷል። በጂኑም እንዲሁ ነው። የጎደሉት ፊደላት ድምር ለ3 እኩል ከተካፈለ ሁለት ጫፎች ያሉት አጭር ዲስትሮፊን ይሠራል፤ ሕመሙ ብዙ ጊዜ ቀለል ያለው ቤከር ይሆናል። ካልተካፈለ ንባቡ ብዙም ሳይርቅ ማቆሚያ ምልክት ያጋጥመዋል፣ ሁለተኛው ጫፍ አይሠራም፣ ሕመሙም ብዙ ጊዜ ዱሼን ነው።

ጉድለት በብዛት የሚታይበት ክፍል የኤክሶኖች ርዝመት በፊደል ይህ ነው፦

* 44፦ 148
* 45፦ 176
* 46፦ 148
* 47፦ 150
* 48፦ 186
* 49፦ 102
* 50፦ 109
* 51፦ 233
* 52፦ 118
* 53፦ 212
* 54፦ 155
* 55፦ 190

አሰላሉ፦

1. የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ጎዶሎ ኤክሶን ጻፉ።
2. በመካከል ያሉትን ሁሉ ዘርዝሩ። ከ45 እስከ 50 ማለት አምስት ሳይሆን ስድስት ኤክሶን ነው። አብዛኛው ስህተት እዚህ ይፈጠራል።
3. ርዝመታቸውን ደምሩ።
4. ለ3 አካፍሉ፤ ቀሪ መኖር አለመኖሩን እዩ።

ኤክሶን 50 ብቻ ጎድሎ ከሆነ፦ 109 ለ3 ሲካፈል 36 ደርሶ 1 ይቀራል፤ ዱሼን። ከ45 እስከ 47 ከሆነ፦ 176 + 148 + 150 = 474፤ ለ3 ሲካፈል 158፣ ቀሪ የለም፤ ቤከር። ከ45 እስከ 50 ከሆነ፦ 871፤ 1 ይቀራል፤ ዱሼን። ከ45 እስከ 55፣ አሥራ አንድ ኤክሶን ሙሉ ጎድሎ፦ 1,779፤ ለ3 ሲካፈል 593፣ ቀሪ የለም። ይህ የመጨረሻው በተለምዶ ቀላል ሕመም ነው። አንድ ኤክሶን የጎደለው ልጅ አሥራ አንድ ከጎደለው በብዙ ሊብስ ይችላል ማለት ነው። ስለዚህ ወላጅ ፊት ሆናችሁ ኤክሶን እየቆጠራችሁ «ይሄማ ብዙ ነው» አትበሉ።

ስሌቱ የማይሠራባቸው ቦታዎች

ሕጉ ከአሥሩ በዘጠኙ ገደማ ያህል ይይዛል። በሚከተሉት ላይ ግን ተጠንቀቁ።

* ጉድለቱ ኤክሶን 1ን ወይም 79ን የሚጨምር ከሆነ አታስሉ፤ መነሻው ወይም መድረሻው የለም።
* ከ64 እስከ 70 ያለው ክፍል ዲስትሮግላይካን የሚያዝበት ነው። እዚያ ድምሩ ለ3 ቢካፈልም ሕመሙ ከባድ ሊሆን ይችላል። አክቲን የሚያዝበት መጀመሪያ አካባቢም ጥንቃቄ ይሻል።
* ከ3 እስከ 7 የሚጎድለው በስሌት ዱሼን ቢመስልም ቀለል ብሎ የሚገኝበት ጊዜ አለ።
* ኤምኤልፒኤ አንድ ኤክሶን ብቻ ጎደለ ካለ በሌላ ዘዴ እንዲረጋገጥ ጠይቁ። መመርመሪያው በሚለጠፍበት ቦታ አንድ ፊደል ብቻ ቢለወጥ ያለው ኤክሶን የሌለ ይመስላል።
* ስሌቱና ልጁ ከተቃረኑ ልጁን እመኑ። ወረቀቱ ቤከር ብሎ ልጁ በ6 ዓመቱ መነሣት ካቃተው ክትትሉ የዱሼን ይሁን።

ውጤቱ «ጤነኛ» ቢልስ? ጉድለት የሚገኘው ከታማሚዎቹ በ60 እና በ70 በመቶ መካከል በሚሆኑት ላይ ነው፤ ድግግሞሽ 10 በመቶ ያህሉን ይይዛል። የቀሩት በአብዛኛው ነጠላ ወይም ጥቂት ፊደላት የተለወጡባቸው ናቸው፤ ኤምኤልፒኤ አያያቸውም። ሲኬ 10,000 እና ግልጽ ምልክት ያለውን ልጅ «ነጻ ነህ» ብላችሁ አትሸኙት፤ ሴኩዌንሲንግ ያስፈልገዋል። እሱም ካላገኘ ብቻ የጡንቻ ናሙና ይታሰብ።

ኤክሶን የሚያስዘልሉ መድኃኒቶችን በኢንተርኔት አይተው የሚጠይቁ ወላጆች ይመጣሉ። አሠራሩን በዚሁ ስሌት አሳዩአቸው፦ ከ45 እስከ 50 ለጎደለበት ልጅ 51 ቢዘለል 871 + 233 = 1,104 ይሆናል፤ ለ3 ይካፈላል። ከ2016 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአሜሪካ የተፈቀዱ አሉ። የሚጨምሩት ዲስትሮፊን ግን ጥቂት ነው፣ በሽታውን አያድኑም፣ ዋጋቸውም እጅግ ከባድ ነው። በሬና መሬት ከመሸጡ በፊት ይህ በግልጽ ይነገራቸው።

ደረጃ 6፦ እናትና እኅቶች

1. እናት የምትመረመረው ልጁ ላይ የተገኘውን ያንኑ ለውጥ ለማየት ነው። የልጁን ውጤት ከናሙናዋ ጋር ላኩ።
2. ተሸካሚ ከሆነች፣ ማለትም ለውጡ እሷም ላይ ካለ፣ በእያንዳንዱ እርግዝና ወንዱ የመታመም ዕድሉ ግማሽ፣ ሴቷም ተሸካሚ የመሆን ዕድሏ ግማሽ ነው። «አንዱ ታሟልና ቀጣዩ ይተርፋል» የሚባል ነገር የለም።
3. በደሟ ካልተገኘም «ምንም ስጋት የለም» አትበሏት። ለውጡ በእንቁላሎቿ ከፊል ላይ ብቻ ሊኖር ይችላል፤ ቀጣይ ወንድ ልጅ ቢወለድ ሲኬው ይታይ።
4. ተሸካሚ ሴት ራሷ የልብ ምርመራ ያስፈልጋታል።
5. አባትዬው ባለበት አንድ ጊዜ በግልጽ ተናገሩ፦ ማንም አጥፍቶ የመጣ አይደለም። ይህ ሳይነገር ቀርቶ ትዳር ሊፈርስ ይችላል።

ደረጃ 7፦ ካርዱ ላይ የሚጻፈው

ከውጤቱ በኋላ የልብ አልትራሳውንድ ይታዘዝ፤ በየዓመቱም ይደገም። ፕሬድኒሶሎን የሚባለውን ስቴሮይድ መድኃኒት የሚጀምረው ልጁን የሚከታተለው ሐኪም ነው፤ የተለመደው መጠን በቀን በኪሎ 0.75 ሚሊ ግራም ነው። መድኃኒቱ አልቆባቸው በድንገት እንዳያቆሙ ከማለቁ ሁለት ሳምንት በፊት እንዲመጡ ቅጠሯቸው፤ በድንገት ማቆም ልጁን ራሱን ሊያስት፣ ሊገድልም ይችላል።

የሚከተለውን በቀይ ቀለም በካርዱ ሽፋን ላይ ጻፉ፤ ለወላጅም በተለየ ወረቀት ስጡ፦ «የዲስትሮፊን ሕመም አለበት። ሰክሲናይልኮሊን አይሰጠው። በትንፋሽ የሚሰጡ ማደንዘዣዎች ይወገዱ።» እነዚህ መድኃኒቶች በተዳከመው ሽፋን በኩል ፖታሲየም ወደ ደም እንዲጎርፍ አድርገው በቀዶ ጥገና ጠረጴዛ ላይ ልብን ሊያስቆሙ ይችላሉ። ልጁ ለተሰበረ እጅ ወይም ለትርፍ አንጀት ሌሊት ላይ ወደ ማያውቀው ሆስፒታል ቢወሰድ ወረቀቱ ከአባትዬው ኪስ ወይም ከእናትዬዋ መቀነት አይለይ።